አንድ ጉርድ ጠይቄ 38 መልስ

ለሃሎዊን ምን ልልበስ የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት መድረክ ላይ የጻፍኩት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ነው። ነርስ ረዳት ነኝ። የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ቀን ሰው ሌላ ነገር መስሎ የሚለብስበት በዓል፣ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ የሆነ ነገር ሆኖ ይመጣል። ጠንቋይ፣ ድመት፣ አጽም። ዘንድሮ ግን ጭምብልና ደም ተከለከለ። የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ፊቱን የሸፈነ ፍጡር በር ከፍቶ ሲገባበት ጨዋታ አይደለም፤ የምር ይደነግጣል። ስለዚህ ርዕሱ የ1940ዎቹና የ50ዎቹ አሜሪካ ሆነ። ነዋሪዎቻችን ልጅና ወጣት የነበሩበት ዘመን።

እኔ ፒን አፕ ልሁን አልኩ። ነጠብጣብ ያለው ሰፊ ጉርድ፣ ጠበቅ ያለ ወገብ፣ ቀይ ከንፈር፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ ፀጉር። መድረኩ ላይ የጻፍኩት አጭር ነበር። ያለኝ 40 ዶላር ነው። ጫማዬ ጣቱ የተሸፈነና የማያንሸራትት መሆን አለበት፤ የሥራ ሕግ ነው። ሰው ሳነሳና ስደግፍ ስለምውል፣ ጎንበስ ቀና ስል የሚያጋልጥ ልብስ አይሆነኝም። ደግሞ አክስቴ ፎቶውን ብታየው የማላፍርበት ይሁን። አክስቴን የጨመርኳት ለቀልድ ነበር። ሰው ግን ከሁሉ አስበልጦ የያዘው እሷን ነው።

መልሶቹን ቃል በቃል አልገለብጥም። 38 ናቸው፤ ሩቡ ስድብ ነው። በቁጥራቸው እየጠራሁ የሆነውን ላውራችሁ።

ቁጥር 1 ትሁት ነበረች። እንኳን አደረሰሽ ብላ ጀመረች፤ ለየትኛው በዓል እንደሆነ አልነገረችኝም። በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ዝግጁ ልብስ ገዝቼ እንድገላገል መከረችኝ። አይቼዋለሁ። ጨርቁ ስስ ነው፣ እጥረቱ አያስቀምጥም፣ አንድ ቀን ከተለበሰ በኋላ ለመወልወያ እንኳ አይሆንም።

ቁጥር 2 ፒን አፕ ራሱ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 3 መለሰችለት። ስሙ የመጣው ግድግዳ ላይ በስፒል ከመሰካቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች አልጋቸው ራስጌ የሚሰኩት የሴት ምስል ማለት ነው። በተለይ የተዋናይቷን የቤቲ ግሬብልን አነሳች፤ በ1943 ነጭ የዋና ልብስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ፣ በትከሻዋ ዞር ብላ ፈገግ ያለችበትን ፎቶ።

ቁጥር 4 አራሚ ነው። የትም መድረክ ላይ አንድ አይጠፋም። ነገሩ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የቀለም ሥዕልም መሆኑን አስረዳ። ፔሩ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አልቤርቶ ቫርጋስ ኤስኳየር መጽሔት ላይ ይስል ነበር። ጊል ኤልቭግሬን ደግሞ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ላለው ብራውን ኤንድ ቢግሎ ለተባለው የካላንደር ድርጅት ሣለ። የቫርጋስ ሴቶች ባዶ ነጭ ወረቀት ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። የኤልቭግሬን ሴቶች ግን ሥራ ላይ ናቸው። አጥር ይሻገራሉ፣ ውሻ ያንሸራሽራሉ፤ ቀሚሳቸውን የሆነ ነገር ይይዝባቸዋል፣ ክው ብለው ያዩናል። የትኛዋን መሆን እንደምፈልግ ሳልወስን ጨርቅ እንዳልገዛ አዘዘኝ። እውነቱን ነው። አጻጻፉ ግን የፈተና ወረቀት የሚመልስ አስተማሪ ይመስላል።

ቁጥር 5 ላይ ወሬው ከመንገድ ወጣ። ራይድ የሚነዳ ወንድም ነው፤ ካላንደር የሚል ቃል ሲያይ አባቱ ትዝ አሉት። አባቱ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካኒክ ነበሩ። ጋራዡ ውስጥ ከውጭ የመጣ የጎማ ማስታወቂያ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ሴትየዋ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። እናቱ ምሳ ይዘው በመጡ ቁጥር ካላንደሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን እናቱ ምንም ሳይናገሩ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አመጡና እዚያው ሚስማር ላይ ደርበው ሰቀሉት። ለማውረድ የደፈረ የለም። ከዚያ በኋላ ቀን ማየት የፈለገ ሁሉ ፈረሱን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ለኔ ጥያቄ የሚሆን አንድም ነገር አልጻፈም። ከመልሶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ግን የሱን ነው።

ቁጥር 6 ሰላምታ የለውም። ሃሎዊን የሰይጣን በዓል ስለሆነ የክርስቲያን ልጅ ምን ጥልቅ አደረጋት የሚል ነው። ከዚያ እስከ 12 ድረስ ስለ ልብስ የተናገረ የለም። ቁጥር 7 ስሙ ራሱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት እንደሆነ፣ ልማዱንም ወደ አሜሪካ በብዛት ያመጡት የአየርላንድ ስደተኞች እንደሆኑ በእርጋታ ጻፈች። ቁጥር 8 ልጅ ቤት ለቤት ዞሮ ከረሜላ ሲቀበል ከቡሄ በምን እንደሚለይ ጠየቀ፤ እሱ ራሱ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የሰበሰበ ነው። ቁጥር 9 በዚህ ተንጨረጨረ። ደብረ ታቦርን ከሃሎዊን ዱባ ጋር ማስተያየት ለሱ ድፍረት ነው። ቁጥር 10 ሌላ ነገር ቆጥሮ መጣ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ጾም። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ጥቅምት 21፣ ማርያም። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። አላሰብኩትም ነበር። ቁጥር 11 ኦክቶበር 31 ሁልጊዜ 21 ላይ እንደማይውል አስታወሰ። ጳጉሜን 6 ቀን ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ 20 ላይ ይውላል። ማንም አልጠየቀውም። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

ቁጥር 12 አንዲት እናት ናቸው። በማርያም ዕለት ባልቴትና ሽማግሌ ማሳቅ ኃጢአት ከሆነ ራሳቸው እንደሚሸከሙልኝ ጻፉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ከዚያ የፈለግሁትን ልልበስ። እሳቸውን የሚመልስ አልተገኘም።

ወሬውን ያዳነችው ቁጥር 13 ናት። ልብስ ሰፊ ናት። አገር ቤት ሽሮ ሜዳ ስትሰፋ ኖራ አሁን ቨርጂኒያ ቤቷ ውስጥ ትሰፋለች። የጻፈችውን አትሜ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ስለዚህ ይሄን በደንብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጨርቅ በያርድ እንዳልገዛ ከለከለችኝ። ልባሽ መሸጫ ሄጄ ንጹህ የጥጥ አንሶላ እንድፈልግ ላከችኝ። አንሶላ ሰፊ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል፣ ከዚህ በኋላም አይኮማተርም። ሄድኩ። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንሶላ በ6 ዶላር አገኘሁ። ዳር ዳሩ ላስቲክ አለው፤ ላስቲኩን ቆርጬ ጣልኩት።

ቀጥሎ ሙሉ ክብ ጉርድ እንዴት እንደሚቆረጥ አስረዳች። ወገብ ይለካል። የኔ 28 ኢንች ነው። ያ ለ6.28 ይካፈላል፤ አራት ተኩል ገደማ ይመጣል። ጨርቁ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ይታጠፍና አራት ድርብ ይሆናል። ከታጠፈው ማዕዘን፣ ማለትም የጨርቁ መሃል ካለበት ጫፍ፣ አራት ተኩል ኢንች እየለኩ በጠመኔ ሩብ ክብ ማስመር። ያ ወገብ ነው። ከዚያ መስመር ወደ ታች 24 ኢንች እየለኩ ሁለተኛ ሩብ ክብ። ያ የታችኛው ጠርዝ ነው። ተቆርጦ ሲዘረጋ መሃሉ የተበሳ ትልቅ እንጀራ ይመስላል። የጎን ስፌት የለውም። ዚፑ የሚገባበት አንድ ቅድ ብቻ ይበቃዋል። ከዳር እስከ ዳር 57 ኢንች ስለሚሆን፣ ያርድ የሚገዛ ሰው ወርዱ 60 ኢንች የሆነ ጨርቅ ሁለት ያርድ ቢይዝ ይተርፈዋል። ከትርፉ ሻሽ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ነው። ጉርዱን ቆርጬ ወዲያው እንዳልዘመዝመው። ክብ ስለሆነ አንዳንዱ ጎኑ በሰያፍ ይውላል፤ በሰያፍ የዋለ ጨርቅ ደግሞ ሲንጠለጠል ይለጠጣል። ወገቡን ሰፍቶ አንድ ሌሊት ሰቅሎ ማሳደር፣ ጠዋት የወረደውን አስተካክሎ መከርከም፣ ከዚያ መዘምዘም። እኔ ሰቅዬው አደረና ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ አገኘሁት። ባትነግረኝ ኖሮ ጠርዙ እንደ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር።

ቁጥር 14 ሒሳቡ ተሳስቷል አለ። ክብ ሲባል ማካፈል ለ3.14 ነው። ቁጥር 15 አልራራችለትም። በ3.14 ሲካፈል የሚገኘው ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ነው፤ ጨርቅ የሚለካው ግን ከመሃል ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ያስፈልጋል። በሱ ሒሳብ ቀዳዳው ዘጠኝ ኢንች ከመሃል ይለካና ጉርዱ ውስጥ ሁለት ሴት ትገባለች፤ ለአክስትም ቦታ ይተርፋል። ቁጥር 16 ያው 14 ነው። ስህተቱን አላመነም። መሐንዲስ መሆኑን ነገረን።

ቁጥር 17 የሙያ እህቴ ናት። እሷም አረጋውያን ጋር ትሠራለች። ከጉርድ ሥር የሚገባውን የተነፋፋ ባለ ብዙ ድርብ መረብ እንድተወው አስጠነቀቀችኝ። የዊልቼር ጎማ ይይዘዋል፣ የአልጋ ማንሻ ይይዘዋል፤ ሰው ደግፌ ሳለሁ ከተያዘ አብረን እንወድቃለን። አንድ ጁፖን ይበቃል። ጫማውንም ረስቼ ባለ ተረከዝ እንዳላደርግ፣ እግሬ ሳይሸፈን ስለመሥራቴም አለቃዬን አስቀድሜ እንድጠይቅ። ቁጥር 18 ላይ አራሚው፣ ቁጥር 4፣ ተመልሶ መጣና ዊልቼር የያዘው ቀሚስ ማለት ልክ የኤልቭግሬን ሥዕል መሆኑን ጠቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቀኝ።

ጁፖን ነበረኝ። እናቴ ከአገር ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው ነው። ማን ይለብሰዋል ብዬ ስምንት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥር 19 ስለ ዘመኑ ጥብቅ ናት። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በሴት ልብስ ላይ የሚውለውን ጨርቅ በመመሪያ ቀነሰ፤ ጦርነት ነው። ስለዚህ የጦርነቱ ጊዜ ጉርድ ጠባብና አጠር ያለ ነው። እንደኔ ያለው አንድ አንሶላ የሚበላ ጉርድ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ በተለይ የልብስ ዲዛይነሩ ክርስቲያን ዲዮር በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ ያንን ሰፊ ቀሚስ ካሳየ ወዲህ። የ1943 ሴት ነኝ ካልኩ ውሸታም ነኝ ማለት ነው። ርዕሱ 50ዎቹንም እንደሚጨምር ጽፌ አመለጥኩ።

ቁጥር 20 የጦርነቱን ወሬ ቀጠለችበት። የናይለን ስቶኪንግ በመላ አሜሪካ ለሽያጭ የወጣው በሜይ 15 ቀን 1940 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ናይለኑ ለፓራሹት ተፈለገና ከሱቅ ጠፋ። በዚያ ጊዜ ስቶኪንግ ከኋላ ስፌቱ በመስመር ይታይ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ባዶ እግራቸው ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ በቅንድብ እርሳስ መስመር ያሰምሩ ጀመር። ከንፈር ግን አልተተወም። በጦርነቱ ጊዜ የመዋቢያ ነጋዴዋ ኤልሳቤት አርደን ለባሕር ኃይል እግረኛ ሴቶች ከደንብ ልብሳቸው ቀይ ጌጥ ጋር የሚሄድ ሊፕስቲክ ሠራች፤ ስሙ ሞንቴዙማ ሬድ። ለኔም ስቶኪንግ ከምገዛ እግሬ ላይ በዓይን ኩል እንዳሰምር ሐሳብ አቀረበች። በነፃ ነው። ቁጥር 21፣ ማለትም እኔ፣ እንደማደርገው ጻፍኩ። ከወገብ በላይና ከጉልበት በታች 43፣ መሃሌን 50 ሆንኩ። ቁጥር 19 ይሄን ስታይ ምን እንዳለች አልነግራችሁም።

ቁጥር 22 ፀጉር ሠሪ ናት። ቪክቶሪ ሮል የሚባለውን አስረዳች። ከግንባር እስከ ጆሮ በላይ ያለውን ፀጉር ለሁለት ከፍሎ፣ ሥሩን በማበጠሪያ ወደ ኋላ አባዝቶ፣ ከጫፉ ጀምሮ በሁለት ጣት ላይ እየጠቀለሉ ወደ ራስ ቅል ማምጣትና ቦቢ ፒኑን ከውስጥ በኩል መሰካት። ከውጭ ከታየ ተበላሽቷል። ማታ በጄል አርሶ በቢጎዲን ማሳደር ሥራውን ያቀለዋል፤ ካስክ ያለው ካስክ ሥር ይግባ። ሊፕስቲኩም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀይ ቢሆን ለኛ መልክ እንደሚያምር ነገረችኝ። ቁጥር 23 መጀመሪያ በፒያስትራ ካልተለሰለሰ አይሆንም አለች። ቁጥር 24 ለምን ሁሌ ፒያስትራ ብላ ተነሳች። በተፈጥሮው ጥቅልል ያለ ፀጉር ራሱን ስለሚይዝ ጥቅሉ አይንሸራተትም፤ የተተኮሰ ነው ከፒን ሾልኮ የሚወርደው። ሞክሬው 24 ልክ ናት።

ቁጥር 25 ግን ስለ ፀጉር አልነበረም። ፒን አፕ የነጭ ሴት ነገር እንደሆነ፣ ጥቁር ሴት ያንን ብትለብስ የሌላ ሰው ፎቶ ውስጥ መግባት እንደሆነ ጻፈ። ራሴን እንደናቅሁም ጨመረበት። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ቁጥር 26 እስክትመጣ ድረስ። እሷ አልተቆጣችም፤ የምታውቀውን ብቻ ዘረዘረች። ጥቁር ወታደሮችም ግድግዳ ነበራቸው። እዚያ ላይ የተሰቀለችው ሊና ሆርን ናት፤ በ1917 ብሩክሊን ተወልዳ በ1942 ከፊልም ኩባንያው ከኤምጂኤም ጋር የተፈራረመች ዘፋኝና ተዋናይት። ብዙ ፊልም ላይ የሷ ክፍል ብቻውን ይቀረጽ ነበር፤ የአሜሪካ ደቡብ ሲኒማ ቤቶች፣ ጥቁር ላለማሳየት፣ ቆርጠው እንዲያወጡት። የፊልም ኩባንያው ለመቆረጥ አመቻችቶ የሠራትን ሴት ነው ወታደሮቹ ግድግዳቸው ላይ የሰኩት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ዶሮቲ ዳንድሪጅ አለች። በ1951 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ጄት መጽሔት ለዓመታት ጥቁር ሴቶችን በዋና ልብስ ሲያወጣ ነበር። ቁጥር 27 አንድ ነገር አከለ። ሊና ሆርን ለሠራዊቱ ስትዘፍን ጥቁር ወታደሮች ከጀርመን ምርኮኞች ኋላ መቀመጣቸውን አየች። የራሳቸው አገር ወታደሮች፣ ከምርኮኛ ኋላ። ዝም አላለችም፤ ተቃወመች።

25 አልመለሰም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ማንን እንደምመስል አወቅሁ። የሊና ሆርንን ፎቶ መስታወቴ ላይ ለጠፍኩ፤ በስፒል።

ቁጥር 28 አንድ አባት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪው እንዴት እንደተነሳበት አወሩን። የውጭ ባህል ነው ብለው በር ላይ ቆመው እንግዶቹን ካዋከቡት ውስጥ እሳቸው ነበሩበት። ያኔ ሚኒስከርት ያደረገች ሴት አገር የሸጠች ትመስላቸው እንደነበር ሳይደብቁ ጻፉ። ትንሽ ቆይተው ሚኒስከርት የምትወድ ሴት አገቡ። አሁን ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ዘንድሮ ለሃሎዊን ዳይኖሰር ነው። የዳይኖሰሩን ጅራት የሰፉት ራሳቸው ናቸው።

ቁጥር 29 ይሄ ሁሉ ለምን እንደሚያስደስተን አልገባትም። ፒን አፕ ወንድ ለወንድ የሣላት ሴት ናት፤ ወገቧም ሳቋም ለሚያያት ነው። የምትለው ነገር አላት። ቁጥር 30 የመለሰላት በክርክር አይደለም፤ በዞዊ ሞዘርት ነው። ሞዘርት ራሷ የፒን አፕ ሠዓሊ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን እያየች ትስል ነበር። ሠዓሊዋም ሞዴሏም እሷ። 29 ይሄ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አስታወሰች። 30 አንድ ሰው መሆኗን አመነ። እዚያ ላይ ተውት፤ በዚህ መድረክ ላይ እንዲህ በሰላም ያለቀ ክርክር አላስታውስም።

ቁጥር 31 ሐሳብ ነበራት። ለምን እደክማለሁ፣ ለምን የጦርነቱ ጊዜ ፖስተር ላይ ያለችውን ሠራተኛ ሴት፣ ሮዚን፣ አልሆንም? ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ክንድ አጥፎ ማሳየት፣ ቀይ ሻሽ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ቋጠሮው ግንባር ላይ። ሻሽ ደግሞ የየትኛዋ ሐበሻ ሴት ቤት ይጠፋል? ቁጥር 32 አራሚው ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል። ያ ፖስተር ፒን አፕ አይደለም። ጄ. ሃዋርድ ሚለር ለዌስቲንግሃውስ ፋብሪካዎች የሠራው የሥራ ቅስቀሳ ነው። በፌብሩዋሪ 1943 ለሁለት ሳምንት ያህል ፋብሪካ ውስጥ ተለጥፎ ተነሳ። ያኔ ሮዚ ብሎ የጠራት የለም። ዓለም ያወቃት ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ሁለቱንም ሰማኋቸው። ሻሹን ከ31 ወሰድኩ፤ የኋላ ፀጉሬን ሸፈንኩበት፣ ፊት ለፊት አንድ ቪክቶሪ ሮል ተውኩ። ጊዜም ተረፈኝ። አራሚው በኋላ ፎቶውን ሲያይ ሁለት ዘመንና ሁለት ፖስተር እንዳቀላቀልኩ ቆጠረልኝ።

ከ33 እስከ 35 ስለ በርበሬ ነው። ቁጥር 33 ሲልቨር ስፕሪንግ የሚለውን አይታ እዚያ አካባቢ ያልተቀላቀለ በርበሬ የት እንደሚገኝ ጠየቀች። 34 ከአገር ማስመጣት እንጂ መግዛት የሚባል ነገር እንደሌለ መለሰ። 35 ደግሞ 34ን ሀብታም አለው። ያለ በርበሬ የተዘጋ ውይይት አይቼ አላውቅም።

ቁጥር 36 እኔ ነኝ። ዕለቱ ሲያልፍ የሆነውን ጻፍኩ። ያወጣሁት 31 ዶላር ነው። ጉርዱ ከጉልበቴ አራት ጣት ይወርዳል፤ አክስቴ ፎቶውን አይታ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ጁፖኑ የማን እንደሆነ ነው። ጠዋት ማርያምን ስሜ ሄድኩ። ሽልማቱን የወሰደው የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ በካርቶን የሙዚቃ ሳጥን ሆኖ መጣ፣ ሳንቲም ሲገባለት ይዘፍናል። ከሱ ጋር መወዳደር አይቻልም።

ግን አንዲት ነዋሪ አሉን። 97 ዓመታቸው ነው። ብዙም አይናገሩም። መስኮት አጠገብ ዊልቼራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የምሳ ጋሪ እየገፋሁ አለፍኳቸው። ጠሩኝ። ዞሬ ሳይሆን እንዳለሁ እንድቆም አዘዙኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። እግሬን ነው የሚያዩት። መስመሩ ጠማማ እንደሆነ ነገሩኝ።

ብቻዬን ወደ ኋላ ዞሬ ያሰመርኩት ነው፤ ምን ላድርግ። እሳቸው ግን እንዲህ እንደማይሠራ ያውቃሉ። የሳቸውን ታላቅ እህታቸው ታሰምርላቸው ነበር። እሳቸው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ይቆማሉ፣ እህትየዋ ወለሉ ላይ ትንበረከካለች፣ እናት ሳይመጡ ቶሎ ቶሎ። ቅዳሜ ማታ፣ ከጭፈራ በፊት። ያኔ ልጅ ነበሩ፤ አሥራ አምስት ዓመት።

እርሳሱን እንዳመጣ ጠየቁኝ። ኩሌን ከቦርሳዬ አምጥቼ ሰጠኋቸው። የግድግዳውን መደገፊያ ይዤ ዞርኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከተረከዜ ጀምረው ወደ ላይ መጡ፣ መሃል ላይ ቆሙ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ቀጠሉ። ባቴ ላይ መስመሩ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሲጨርሱ ራቅ ብለው አዩትና አሁን ሆነ አሉኝ። ሁለተኛው እግሬ እንዳለ ቀረ፤ ደከማቸው።

ፈረቃዬ እስኪያልቅ እንደዚያው ዋልኩ። አንድ እግሬ በኔ ጠማማ፣ አንዱ በሳቸው።

ቁጥር 37 መሐንዲሱ ነው። የወገቡ ልክ በመጨረሻ ስንት ሆኖ እንደቆረጥኩት ማወቅ ፈለገ። አራት ተኩል ኢንች ከመሃል መሆኑን ነገርኩት። እስከ ዛሬ አልጻፈም።

ቁጥር 38 ያቺ የመጀመሪያዋ ትሁት ናት። እንኳን አደረሰሽ አለችና ኩል ከእግር ላይ በምን እንደሚለቅ ጠየቀችኝ። ቫዝሊን ቀብቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በለብታ ውኃ መጥረግ እንደሆነ ጻፍኩላት። እሷ ታድርገው። እኔ የዚያን ማታ ሳልታጠብ ነው የተኛሁት፤ አንሶላዬ ላይ ምልክቱ አሁንም አለ።